ተከራይ ያልሆነው እንግዳ፦ የፖሊስ የጥንቃቄ ምክርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ከላሊበላ ከተማ እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ፖሊስ ከበዓላት አስቀድሞ የሚያወጣው የጥንቃቄ ምክር አከራይንና ተከራይን፣ ስልክንና በቅርብ የሚገኝ ጣቢያን ታሳቢ አድርጎ የተጻፈ ነው። በላስታ ግን የበዓሉ ሰው እንግዳ እንጂ ተከራይ አይደለም፤ ጣቢያውም የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ በሥራ ላይ ያሉ ሕጎችን፣ የታተሙ ጥናቶችንና የአካባቢውን ልማዳዊ ተቋማት በማነጻጸር ምክሩ በተራራማው ገጠር ለምን ሥር እንደማይሰድ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ነዋሪውን ከፖሊስ ጋር ከመተባበር የሚያግደው ዋናው ነገር የጠቋሚው ደህንነት አለመጠበቁ ነው የሚል ነው።

ምክሩ የሚያውቀው ነዋሪ

ዘመን መለወጫ፣ ገና፣ ጥምቀትና ትንሣኤ በቀረቡ ቁጥር በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ ትስስር ገጾች የሚተላለፈው የፖሊስ መልእክት መልኩ ብዙም አይለወጥም። አከራዮች የተከራዮቻቸውን ማንነት እንዲያጣሩ፣ ገበያተኞች ሐሰተኛ የብር ኖት እንዳይቀበሉ፣ አሽከርካሪዎች ጠጥተው እንዳያሽከረክሩ፣ ከቤት የሚወጣ ሰው ኤሌክትሪክና ምድጃ ማጥፋቱን እንዲያረጋግጥ ያሳስባል። በመጨረሻም አጠራጣሪ ነገር የተመለከተ ሁሉ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ እንዲጠቁም ይጠይቃል። መልእክቱ ጠቃሚ ነው። ለአዲስ አበባ፣ ለባሕር ዳር ወይም ለደሴ ነዋሪ ከሞላ ጎደል የሚያውቀውን ኑሮ ይነግረዋል፤ የሚጠየቀውም ነገር ሊፈጽመው የሚችለው ነው።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ምክር ከበስተጀርባው አንድ ሰው አለው። ከላይ የተዘረዘሩት ምክሮች የሚያውቁት ሰው በር የሚቆለፍበት ቤት፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቅጂ ሊጠይቀው የሚችል ተከራይና በደቂቃዎች የሚደርስበት ጣቢያ አለው። ይህ ሰው በላሊበላ ከተማ መካከል ሊገኝ ይችላል። ከከተማው በመኪና 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጥግ፣ በዋሻ ውስጥ ወደ ታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ ስንሄድ ግን አናገኘውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የከተማና የገጠር ልዩነት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ላሊበላ ራሷ በገና ሰሞን ከነዋሪዋ ብዙ እጥፍ የሆነ ሕዝብ የምታስተናግድ ከተማ ናት፤ ከዚህም ሕዝብ አብዛኛው የሚመጣው ምክሩ ከማያውቃቸው ቦታዎች ነው።

ከምክሮቹ አንዱን ብቻ ወስደን እንመልከት። «አከራዮች የተከራዮችን ማንነት ያጣሩ» የሚለው ማሳሰቢያ በቤትና በገንዘብ መካከል የተመሠረተ ግንኙነትን ይመለከታል። በላሊበላ ለገና የሚመጣው ምእመን ግን ከፊሉ በሜዳና በድንኳን፣ ከፊሉ በየነዋሪው ቤት በእንግድነት ያድራል። የከተማው ሰው ከሩቅ በእግሩ የመጣውን እንግዳ እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ መቀበልን እንደ በረከት ይቆጥረዋል። የእግዜር እንግዳን «መታወቂያህን አሳየኝ» ማለት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ምክሩ ለባለቤቱ የሚያቀርብለት ምርጫ ሁለት ብቻ ይሆናል፦ ወይ ልማዱን ማፍረስ፣ ወይ ምክሩን አለመስማት። ሁለተኛው እንደሚመረጥ ለመገመት ጥናት አያስፈልግም።

ነገር ግን በዚያው ልማድ ውስጥ ማጣሪያ የለም ማለት አይደለም። እንግዳ የሚቀበል ሰው ከየት እንደመጣ፣ የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደተጓዘ፣ ነፍስ አባቱ ማን እንደሆኑ በጨዋታ መካከል ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ከመታወቂያ ቁጥር ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ እንግዳውንም አያስቀይምም። ፖሊስ ይህን የጨዋታ ጥያቄ እንደ ጥበቃ ቢያውቀውና ምክሩን በዚያው ቋንቋ ቢጽፈው ነዋሪው ቀድሞውኑ የሚያደርገውን ነገር ያጠነክርለት ነበር።

ገደል፣ ጧፍ፣ ቅዳሜ ገበያ

በአጠቃላይ ምክር ውስጥ ቦታ የማያገኙ፣ በላስታ ግን ከስርቆት የማያንሱ አደጋዎች አሉ። 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው ወደ ታች የወረዱ ናቸው። የቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። በገና ዕለት በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ሲዘመር ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ በአለቱ ጠርዝ፣ ግማሾቹ ከታች ቆመው ይቀባበላሉ፤ ሕዝቡም ለማየት ወደ ጠርዙ ይገፋል። በዚህ ሰዓት ትልቁ የደህንነት ጥያቄ ስንት ሰው በየትኛው በኩል ይግባ፣ በየትኛው ይውጣ የሚለው ነው። ቦታው እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ ጠርዙን በአጥር እንዳሻን ለማጠር አይቻልም። የሰው አጥር ያስፈልጋል። ይህንንም ሥራ ከዩኒፎርም ለባሹ ይልቅ ዲያቆናቱና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተሻለ ይሠሩታል፤ ምእመኑ እነርሱ ሲገፉት አይቆጣምና።

ይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሕንጻው እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ በአክሱማውያን የአሠራር ስልት የታነጸ፣ ጣሪያው በእንጨት ሥራ ያጌጠ፣ በላሊበላ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በዕድሜ የሚቀድም ነው። ለአንድ ሺህ ዓመት ለተጠጋ ጊዜ ከዝናብ የጠበቀው ዋሻ ከእሳት አይጠብቀውም። የንጉሡ በዓል በሚከበርበት በጥቅምት 19 ቀን ብዙ ጧፍ በአንድ ላይ ይበራል፤ ውኃ በርሜል፣ የአሸዋ ባልዲና ጧፉ የሚተከልበት የተለየ ስፍራ ማዘጋጀት የፖሊስ ምክር የመጀመሪያው መስመር ሊሆን ይገባው ነበር። ከዋሻው በስተኋላ የሚታየው የብዙ ሰዎች ዐፅምም በትውፊት ከሩቅ አገር መጥተው በዚያ ያረፉ ምእመናን እንደሆነ ይነገራል። ጎብኚ እጁን እንዳይሰድ የሚጠብቀው ሰው በዚያ የሚያገለግል ካህን ወይም ዘበኛ እንጂ ከወረዳ የሚላክ ፖሊስ ሊሆን አይችልም።

ስለ ቅርስ ስርቆት ላስታ የምታውቀው መራራ ታሪክ አላት። «አፍሮ አይገባ» የተሰኘው የቤተ መድኃኔ ዓለም መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ በአንድ ቤልጅጋዊ ሰብሳቢ እጅ ከተገኘ በኋላ ከዓመታት ቆይታ ወደ ቦታው ተመልሷል። ይህ የሆነው ፖሊስ ባለበት፣ ጎብኚ በሚመላለስበት፣ ዓለም በሚያውቀው ከተማ ነው። መስቀሉ ስሙ የታወቀ በመሆኑ ሊፈለግና ሊገኝ ቻለ። በየተራራው ባሉ ትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት በዕቃ ቤት የሚቀመጡ ብራናዎችና መስቀሎች ግን ፎቶግራፍና መዝገብ ከሌላቸው ቢጠፉ እንኳ «የኛ ነው» ብሎ ለመከራከር ያስቸግራል። በቄሰ ገበዙ እጅ አንድ መዝገብ፣ ቅጂው ደግሞ በወረዳው መኖሩ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ይጠቅማል።

የገበያው ጉዳይ አጭር ነው። በላሊበላ ዋናው ገበያ ቅዳሜ ይውላል። በግ ሸጦ ጀምበር ስትዘቀዝቅ ወደ ቀበሌው የሚመለስ ገበሬ የሐሰት ብር የሚለይበት ብርሃንም ጊዜም የለውም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡና የ200 ብር ኖት ሲጨመር ይህ ችግር ይበልጥ ጎልቶ ነበር። እዚህ ላይ የፖሊስ ምክር ያለ ማሻሻያ ይሠራል፤ የሚጎድለው በገበያው መውጫ ላይ ብሩን በቀን ብርሃን የሚያይለት ሰው ማቆም ብቻ ነው።

«በሕግ አምላክ» ከሚለው ቃል እስከ አውጫጭኝ

የኅብረተሰብ ተሳትፎ በወንጀል መከላከል ከውጭ የመጣ አዲስ አሳብ ሆኖ በሥልጠና ሰነዶች ውስጥ ሲቀርብ ይስተዋላል። በእንግሊዝ አገር በ1829 (እ.ኤ.አ.) በሮበርት ፒል አማካይነት የተቋቋመው የለንደን ፖሊስ፣ ከ1874 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቶኪዮ የተስፋፋው የጃፓን የሰፈር ፖሊስ ቤት፣ በ1983 (እ.ኤ.አ.) በሲንጋፖር የተጀመረው የመንደር ጣቢያ በአርአያነት ይጠቀሳሉ። ከነዚህ መማር ተገቢ ነው። ሆኖም ወታደርና ዳኛ በሩቅ በነበረበት ዘመን የአገሬው ሰው ራሱን የጠበቀበት ሥርዓት ስለነበረው፣ አዲሱ አሠራር የሚያርፈው ባዶ መሬት ላይ አይደለም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ማንኛውም መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚጣሉትን ማቆም ይችል ነበር። ቃሉን የሰማ ሁሉ የመቆም፣ ተከራካሪዎቹም መንገደኛውን እንደ ዳኛ የመቀበል ግዴታ ነበረባቸው። እሪታ የሰማ ጎረቤት መድረስ ነበረበት፤ ያልደረሰ ይወቀሳል። ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ ደግሞ አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ በሌላ አካባቢ አፈርሳታ የሚባለው ነው። የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅም ስብሰባው እየተደጋገመ ይቀጥላል። ካልታወቀ የጠፋውን ንብረት ነዋሪው በጋራ ይከፍላል።

ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ የሚበልጠው የአውጫጭኝ ክፍል «ወፍ» የሚባለው ነው። የሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን በአደባባይ አይናገርም፤ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በምሥጢር ያደርሳል። ሽማግሌዎቹም ስሙን ላለማውጣት ይምላሉ። በጉባኤው ፊት የሚነገረው «ወፍ ነገረን» ተብሎ ነው። ይህ አሠራር ቃሉን ከተናጋሪው ይለያል፤ መረጃው ወደ አደባባይ ሲወጣ ሰውየው በቤቱ ይቀራል። አባቶቻችን በአንድ ወንዝ ውኃ የሚቀዱ፣ በአንድ ደብር የሚሳለሙ ሰዎች መካከል ምስክርነት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ስላወቁ ነው እንዲህ ያደረጉት።

አውጫጭኝን ለማወደስ ግን አንቸኩል። ሰውን ያለ ጥፋቱ አስገድዶ ማስቀመጥ፣ ያልሰረቀውን ከሰረቀው እኩል ማስከፈል፣ በማን እንደተነገረ ሊጠየቅ በማይችል ቃል ሰውን መወንጀል ከዛሬው ሕገ መንግሥት ጋር አይሄድም። ማንኛውም የተከሰሰ ሰው ንጹሕ ሆኖ የመገመትና የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት አለው። ስለዚህ «ወፍ» ለፍርድ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ለወንጀል መከላከል ግን፣ ማለትም ፖሊስ ወዴት ማየት እንዳለበት ለመንገር፣ አሁንም ከርሱ የተሻለ የጠቋሚ ከለላ በገጠር አልተገኘም።

ከአዋጅ እስከ አንድ ለአምስት

ዘመናዊው የኢትዮጵያ ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ አዋጅ ሲደራጅ የቆመው በማዕከላዊ ዕዝ ላይ ነበር። ገጠሩ በጭቃ ሹምና በነጭ ለባሽ እጅ ቆየ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል እንዲያደራጁ ሥልጣን ሰጠ። የአማራ ክልል ፖሊስም በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ የማኅበረሰብ አቀፍ ወንጀል መከላከልን፣ በተለምዶ ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ የሚባለውን፣ ዋና ስልቱ አደረገው። በየቀበሌው አንድ የማኅበረሰብ ፖሊስ መመደብ፣ አማካሪ ምክር ቤትና የግጭት አፈታት ኮሚቴ ማቋቋም፣ ቤተሰቦችን በትንንሽ ቡድን ማደራጀት የአሠራሩ ምሰሶዎች ሆኑ።

ሊሳ ዴኒና ደመላሽ ካሳዬ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ለንደን በሚገኘው የባሕር ማዶ ልማት ጥናት ተቋም በኩል ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ የአማራ ክልል ተሞክሮ የተመለከተ ነው። ጥናቱ ነዋሪዎች ፖሊስ እንደቀረባቸውና ሰላም እንደተሻሻለ መመስከራቸውን ይዘግባል። በዚያው ልክ አደረጃጀቱ ከመንግሥትና ከገዥው ፓርቲ መዋቅር ጋር መጠላለፉን፣ በተለይም በሴቶች ላይ የሚፈጸሙ ጥፋቶች በሽምግልና ማለቃቸውን እንደ ሥጋት ያነሣል። ለዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ የጥናቱ ሁለት ግኝቶች እርስ በርሳቸው አይቃረኑም። ፖሊስ ቀርቧል፤ የቀረበው ግን ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት፣ ግብር በሚሰበሰብበትና ስብሰባ በሚጠራበት በዚያው የአንድ ለአምስት ሰንሰለት ላይ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ነዋሪው «ማን ጠየቀኝ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ይቸግረዋል። የጎረቤቱን በግ ሌባ የሚጠቁምበት ጆሮና የጎረቤቱ የፖለቲካ አቋም የሚነገርበት ጆሮ አንድ ከሆነ፣ አስተዋይ ሰው ለዚያ ጆሮ ምንም አይናገርም።

የሰሜን ወሎ ሰው ይህን በመጽሐፍ አልተማረውም። ላሊበላ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈች ቆይታ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። ታጣቂ ወገኖች በሚፈራረቁበት አገር «ጥቆማ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ ይለወጣል። ትናንት በግ ያስመለሰ መረጃ ነገ ለሌላ ባለ ጠመንጃ «ለእነ እገሌ የነገረው እርሱ ነው» የሚያሰኝ ይሆናል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ «አጠራጣሪ ሁኔታ ሲያጋጥም በአቅራቢያ ለሚገኝ የጸጥታ አካል ይጠቁሙ» የሚል ማሳሰቢያ ሲነበብ ነዋሪው የሚሰማው ከተጻፈው የተለየ ነገር ነው።

ሕጉ የሚከልለው ጠቋሚ

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም አየም አላየም፣ የማመልከት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 443 እጅግ ከባድ የሆኑ ወንጀሎችን እያወቁ አለማሳወቅን ያስቀጣል። ከለላውን የሚመለከተው ሕግ የመጣው ግን ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ነው። አዋጁ የጠቋሚንና የምስክርን ማንነት መደበቅን፣ ቦታ መለወጥንና ሌሎችንም የጥበቃ እርምጃዎች ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ተፈጻሚነቱ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ የተወሰነ ነው።

የዚህ ገደብ ውጤት በላስታ ሲታይ እንግዳ ነው። ከባድ ስርቆት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ስለሚያስቀጣ የመስቀል ሌባን የጠቆመ ሰው የአዋጁን ከለላ የመጠየቅ ዕድል አለው። በአንቀጽ 665 የሚወድቀው ተራ ስርቆት ቅጣቱ ከ5 ዓመት ስለማይበልጥ የበግ ወይም የአህያ ሌባን የጠቆመ ሰው ከአዋጁ ውጭ ነው። ለገበሬው ግን አደገኛው ሁለተኛው ጥቆማ ነው። የመስቀል ሌባ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ሊሆን ይችላል፤ የበግ ሌባ ግን የጎረቤት ልጅ ነው፤ ዘመድ አለው፤ ከእስር ሲፈታም ወደዚያው ቀበሌ ይመለሳል። በመካከሉ ቂም ይገባል፤ ቂም ደግሞ በዚህ አገር ደም ያፋስሳል። አዋጁ ወንጀሉን በቅጣት መጠን መዘነው እንጂ ጠቋሚው በሚኖርበት ቅርበት አልመዘነውም።

ይህን ክፍተት ለመድፈን አዋጅ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም። የማኅበረሰብ ፖሊሱ የጠቋሚን ስም በመዝገብ ላለመጻፍ፣ ጥቆማውንም በራሱ ምልከታ አረጋግጦ ከዚያ በኋላ ብቻ ለመንቀሳቀስ የሚያስችል የአሠራር መመሪያ በኮሚሽኑ ደረጃ ሊወጣለት ይችላል። መረጃ የሚሰጥበት ስፍራም ያከራክራል። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የቆመ ሰው በሙሉ ቀበሌው ይታያል። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ፣ በጠበል ቦታ፣ በወፍጮ ቤት የሚቆም ሰውን ግን ማንም አይቆጥረውም።

ቅሬ የሚችለውና የማይችለው

በሌላው አገር እድር የሚባለው በወሎ ቅሬ ነው። ሟች ለመቅበር የተቋቋመ ቢሆንም ሥልጣኑ ከመቃብር ይሻገራል፤ ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ቢሞት የሚቀብረው፣ ቢታመም የሚጠይቀው አያገኝምና። ቅሬው የሚሰበሰበው በአባላቱ ፈቃድ ነው፤ ዳኛውንም ራሱ ይመርጣል፤ ከማዳበሪያና ከግብር ጋር አልተነካካም። መንግሥት ሲለዋወጥ ቅሬ አይለዋወጥም። በአካባቢው በደብሩ ያለው ሰበካ ጉባኤ፣ በየቤቱ የሚደርሱት ነፍስ አባቶች፣ በምሥራቁ ቆላ ደግሞ እንደ ራያ ቆቦ ዘወልድና እንደ ወሎ አበጋሮች ያሉት ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ተመሳሳይ ክብር አላቸው።

ስለዚህ የጥንቃቄው ምክር በቅሬና በደብር በኩል ቢያልፍ ይሰማል። ለምሳሌ ለጥቅምት 19 በዓል ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚወጡ ሰዎች በየቅሬያቸው ተሰባስበው እንዲጓዙ፣ ከጨለማ በፊት እንዲደርሱ፣ ሕፃናት የመንደራቸውንና የቅሬ ዳኛቸውን ስም አጥንተው እንዲሄዱ፣ የጠፋ ልጅ ያገኘ ሰው ወደ ደወሉ ስፍራ እንዲወስደው ከበዓሉ በፊት ባለው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ቢነገር፣ ስልክ ባይሠራም ምክሩ ይሠራል። ፖሊስ በዚህ ውስጥ ድርሻው ምክሩን አዘጋጅቶ ማቀበልና በመንገዱ አስቸጋሪ ክፍሎች ላይ መገኘት ነው።

አደጋውም እዚሁ ላይ ይጀምራል። ቅሬውም ሆነ ሰበካ ጉባኤው የሚመራው በአብዛኛው በወንዶች፣ የሚያስቀድመውም የመንደሩን እርቅ ነው። ለበግ ስርቆትና ለድንበር ጠብ ይህ ጥሩ ነው፤ ካሣ ይከፈላል፤ ሰው ይታረቃል። በአንቀጽ 620 የተደነገገው አስገድዶ መድፈርና በአንቀጽ 648 የተደነገገው ካልደረሰች ልጅ ጋር የሚፈጸም ጋብቻ ግን ለሽምግልና የሚቀርቡ ጉዳዮች አይደሉም። ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ ሲሄድ ለእርቁ የሚቀመጡት አባትና የደፋሪው ቤተሰብ ናቸው፤ ልጅቱ ከበር ውጭ ናት። የማኅበረሰብ ፖሊሱ ለኅብረተሰቡ ቅርብ ለመሆን በጣረ ቁጥር ይህን እርቅ ለማፍረስ ያለው ድፍረት ይቀንሳል፤ ነገም ከነዚያው ሽማግሌዎች ትብብር ይፈልጋልና። የኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ስኬት በሽምግልና በተፈቱ ጉዳዮች ብዛት ሲለካ ደግሞ ፖሊሱ እንዲህ ያለውን ጉዳይ እንደ መልካም ሪፖርት ሊቆጥረው ይችላል።

በመሆኑም ፖሊስ ከቅሬ ጋር በሚያደርገው ስምምነት ላይ ቅሬው ሊነካቸው የማይገባ ወንጀሎች በስም መጻፍ አለባቸው፤ ሪፖርቱም ከታረቁት ይልቅ ወደ ዐቃቤ ሕግ የተላኩትን ቢቆጥር ይሻላል። ለሴቶችና ለልጆች የተለየ መንገድም ያስፈልጋል። ይህ መንገድ በወንድ ዳኛ በኩል ማለፍ የለበትም። በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በማንም ዓይን ሳትጠረጠር ወደ ማንኛውም ቤት መግባት ትችላለች፤ ከጤና ጣቢያውም በኩል ወደ ወረዳው ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያ ማድረስ ትችላለች። እርሷም ብትሆን የዚያው ቀበሌ ነዋሪ ናት፤ በቀጣዩ ቀን ለክትባት የምትሄደው ወደዚያው ቤት ነው። ስለዚህ ስሟ በምንም ደብዳቤ ላይ ሊሰፍር አይገባም።